ስልኩን እንዳልነጥቃት እናቷ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው

የሰኞ ገበያ እህት (ደሴ) — እሑድ ማታ 4፡50

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

እህቴ ጂዳ ነው ያለችው፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጇን የምናሳድገው እኔና እናቴ ነን። ስትሄድ ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ነበረች፣ አሁን አራት ዓመት ከምናምን ሆኗታል። ስልኩን የገዛነው እህቴ መጀመሪያ በላከችው ብር ነው፤ ልጄ ፊቴን እንዳትረሳው ብላ።

ችግሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሥራ ጨርሳ የምትደውለው ማታ 4 ሰዓት ግድም ነው። የጂዳና የደሴ ሰዓት አንድ ስለሆነ እዚህም 4 ሰዓት ነው። ልጅቷ እስከዚያ እንዳትተኛ ቪዲዮ እንከፍትላታለን። ከዚያ ምሳ ላይም ለመደችው፣ ካልተከፈተላት አትጎርስም። ማታ አውርታ የምትተኛው 4 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እየጎተትኩ አስነሳታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከኬጂው ተጠራሁ። መምህርቷ «ስሟን ስንጠራት አትዞርም፣ ከልጆች ጋር አትጫወትም፣ ቀለም ስንጠይቃት ሬድ፣ ብሉ ትላለች እንጂ ቀይ አትልም» አለችኝ። ማንኪያ አምጪ ስትባል ዝም ብላ ታያለች አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። እኛ እኮ ብዙ ስለማታወራ ጨዋ ልጅ ናት እያልን ነበር።

የዚያን ቀን ስልኩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ቀን ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ቆሎ በእጇ ይዛ ቁም ሳጥኑ ሥር ቆማለች። ወደ ላይ እያየች «እማ፣ እንኪ» ትላለች። የምትበላውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ አስጠግታ ለእናቷ ታጎርሳለች፣ ስልኩ ሽሮና ዘይት የማይለየው ለዚህ ነው። እናቴ አለቀሰች። ስልኩን አወረድኩት።

ምን ላድርግ? ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ኬጂ ራሱ ከምሳ በኋላ እስከ መውጫ ድረስ ቴሌቪዥን ነው የሚከፍትላቸው። ላመጣት ስሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — እሑድ ማታ 5፡15

እህቴ አብሽሪ። ኬጂ ሳስተምር 12 ዓመቴ ነው፣ ነርሰሪም ዩኬጂም አስተምሬያለሁ። ብዙ የምለው አለኝ፣ ከቴሌቪዥኑ ልጀምር።

እውነቱን ልንገርሽ። እኔም ከፍቻለሁ። 43 ልጅ፣ አንድ መምህርትና አንዲት ሞግዚት። ከምሳ በኋላ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ያለቅሳል፣ በዚያ ላይ የ43 ልጅ ደብተር ታርሞ ወደ ቤት መሄድ አለበት። ምክንያቱም ወላጅ ማታ ደብተር ገልጦ ቀይ እስክሪብቶ ካላየ ልጄ አልተማረም ይላል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ያሳስታል። ልጆቹ የተረጋጉ ይመስልሻል። ሲዘጋ ግን ከበፊቱ ብሰው ነው የሚነሡት፣ መማታት፣ መናከስ፣ ማልቀስ። ይህን ዓመት ሙሉ ካየሁ በኋላ ነው ለርእሰ መምህሯ ደብተር ማረሙን ቀንሰን ከምሳ በኋላ ወደ ውጭ እንውጣ ያልኳት። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ግን አሸዋ አስደፋን፣ ከጎሚስታ ያረጁ ጎማዎች ለመንን። ለቅሶው በግማሽ ቀነሰ።

አንቺም ሄደሽ ጠይቂ። በቁጣ አይደለም። ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ፣ ምን ታሳያላችሁ፣ ስታሳዩ ማን አብሯቸው ይቀመጣል በያቸው። ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። አጭር ነገር አሳይቶ፣ አቁሞ «አሁን ዶሮዋ ወዴት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ቋንቋው፣ «ሬድ ብሉ» የምትለው ልጅ አንቺ ጋ ብቻ አይደለችም። በየክፍሉ ሦስት አራት አሉ። ወላጅ እንግሊዝኛ ቻለች ብሎ ይደሰታል። ልጅቷ ግን በእንግሊዝኛም ውሃ ስጡኝ ማለት አትችልም። ቃል ሰብስባለች እንጂ የምታወራው ሰው አላገኘችም።

ነጭ ጋውን (ወልዲያ) — ሰኞ ጠዋት 1፡20

ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮዋን አስመርምሪ። ይህን የምለው ሁሉም ሰው ወደ ስልኩ ስለሚሮጥ ነው። ስሟ ሲጠራ የማትዞር ልጅ በደንብ የማትሰማ ልትሆን ትችላለች። ጆሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር? ፈሳሽ ይወጣው ነበር? ያ ብቻውን መስማቷን ሊቀንሰው ይችላል።

ቤት ውስጥም እይው። ቴሌቪዥኑም ስልኩም በተዘጋበት ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከኋላዋ ሆነሽ በመደበኛ ድምፅ ጥሪያት። ትዞራለች? የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች? ቆሎዋን ለእናቷ ማቅረቧ እኔ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው። ያላትን ለሌላ ሰው ማካፈል፣ ማሳየት፣ ያቺ ልጅ ከሰው ጋር መገናኘት እንደምትፈልግ ይናገራል። ግን የነበራትን ቃል ካጣች ወይም ጸጥ ባለ ክፍልም ካልዞረች ዛሬ ነገ አትበይ፣ ሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጃት።

አንዳንዱ ደግሞ ይመጣና ስልክ ኦቲዝም ያመጣል ብሎ ያስደነግጥሻል። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም። ይህን ወሬ ሰምተው ራሳቸውን የሚረግሙ እናቶች በየሳምንቱ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ እንቅልፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፣ የቀን እንቅልፉ ተደምሮ። ያንቺ ልጅ ማታ የምትተኛው ሰባት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ አይሰማም፣ አይጫወትም፣ ያለቅሳል። መምህርቷ ከነገረችሽ ግማሹ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እንቅስቃሴ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይላል መመሪያው፣ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ደግሞ ቢበዛ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ካነሰ ይሻላል።

የእናቷን ጥሪ ግን ከዚህ ሰዓት ውስጥ አትቁጠሪው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አታሳዩ ሲል ለይቶ የተወው የቪዲዮ ጥሪን ነው። ምክንያቱም እዚያ ያለው ሰው ይመልሳል። ልጅ ሲስቅ ይስቃል፣ ሲጠይቅ ይሰማል። ካርቱን ይህን አያደርግም።

የባቲ ልጅ — ሰኞ ከሰዓት 9፡05

እኔ በዚህ አልስማማም። ሹፌር ነኝ፣ የጅቡቲ መስመር ነው የምሠራው፣ በወር ቤቴ የምገባው ስድስት ሰባት ቀን ነው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ፊደል ያስተማረው ስልክ ነው። ከሀ እስከ ፐ ይላል፣ በዜማ፣ ሳይሳሳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነው፣ በብዙ ዱላ። ልጄ ያለ ዱላ ከተማረ ስልኩን ለምን እጠላለሁ? ከተማ ያለው የሀብታም ልጅ ታብሌት ይዞ እየተማረ የኛ ልጅ በጠጠር ይጫወት ነው የምትሉት? ወላሂ ልክ አይደለም። እናቱም ብቻዋን ናት። ሦስት ልጅ፣ ውሃ በየሦስት ቀኑ። ስልኩ ነው የሚይዝላት።

ኦ ክፍል (ኩታበር) — ሰኞ ማታ 2፡30

የባቲ ልጅ፣ ወንድሜ፣ የኔም መልስ ስልክ ጣሉ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሞክርልኝ። ቤት ስትገባ የጨው ወይም የስኳር ፌስታል አንሣና ከላዩ ላይ አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ሉ»ን፣ ብቻዋን አሳየው። በቅደም ተከተል ሳይሆን ብቻዋን። ምን እንዳለህ እዚህ ጻፍልን።

እኔ የማስተምረው ገጠር ነው። ኦ ክፍል፣ ልጆቹ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት እኛ ጋ ይቆያሉ። 61 ልጆች ናቸው። መብራት የለም፣ ስልኬን የማስሞላው በሶላር ነው። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ጭቃ፣ ያለን ይኸው ነው። ታብሌት ቢመጣልኝ እንኳ ለ61 ልጅ አንድ ታብሌት ምን ያደርጋል እያልኩ ነበር፣ አምና ግን ሐሳቤን የቀየረ ነገር ገጠመኝ።

ስለ ክብ ነገር እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳ ላይ ክብ ሣልኩ፣ «ክብ» አሉ፣ አለቀ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን ከፈትኩና አምስት ልጆች መርጬ ከእኔ ጋር አስወጣኋቸው። ክብ ነገር ፈልጉና ፎቶ አንሡ አልኳቸው። አንዷ የባልዲ አፍ አነሣች። አንዱ የጓደኛውን ሆድ አነሣ። አንድ ልጅ አለ፣ ከመስከረም እስከ ጥር አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አጥሩ ጋ ሄዶ ቆመ። ከአጥሩ ባሻገር በሬ ታስሯል። ተጠግቶ ተጠግቶ የበሬውን ዓይን አነሣው። ዓይን ብቻ። ሲያዩት በዓይኑ ጥቁር ላይ የልጁ ጥላ ይታያል።

ተመልሰን በክብ ተቀመጥን፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ሁሉም ያነሣውን እያሳየ ያወራል። ተራው ሲደርስ ያ ልጅ «ቦራ ነው። ያባቴ ነው። ሲያርስ አይጮህም» አለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ስለ በሬያቸው ማውራት ጀመሩ፣ ማቆም አቃተኝ።

ኢንተርኔት የለ፣ አፕ የለ። አንድ ስልክ፣ ከዚያም ያነሣውን የሚጠይቁት ሰዎች። እኔ ከዚያ በኋላ የማየው ልጁ በመሣሪያው ምን ይሠራል፣ ሲሠራስ ማን ይሰማዋል የሚለውን ነው። የወፍ ድምፅ እንቀዳለን፣ የማን ናት እንባባላለን። በሳምንት አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ። የቀረው ጠጠርና ጭቃ ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — ሰኞ ማታ 2፡55

መምህር ይህን ነገ እኔም እሞክረዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ በሬ ባይኖርም።

የሐይቅ ፕላዝማ — ሰኞ ማታ 3፡20

እኛ 1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ ሃይስኩል የገባን ልጆች ነን። መምህሩ ከጎን ቆሞ፣ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ እያስተማረ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ ለመስጠት ትንሽ ሰከንድ ይሰጠናል፣ ከዚያ ራሱ «ቬሪ ጉድ» ይላል። ማንም ሳይመልስ። የገባኝ የለም ብዬ እጄን አውጥቼ ማንን ልጠይቅ? ምሥሉ ግሩም ነበር፣ የኬሚስትሪ ሙከራዎቹን እስካሁን አስታውሳለሁ። ግን 15 ዓመት የሞላን ልጆች እንዲያ ከጠፋን የአራት ዓመት ልጅ እንዴት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ፒያሳ ጥገና (ደሴ) — ማክሰኞ ጠዋት 4፡10

ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሜሞሪም እጭናለሁ። ይህን ክር ሌሊት አነበብኩት፣ እንቅልፍ ነሳኝ።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ክልላችን ላይ ሲቋረጥ ወራት ሙሉ ሥራዬ ሜሞሪ መጫን ነበር። እናቶች ይመጣሉ፣ «ለልጅ የሚሆን ጫንልኝ» ይላሉ። 8 ጊጋ፣ 16 ጊጋ ሞልቼ እሰጣለሁ። ያለኝን ፎልደር እንዳለ ነበር የምገለብጠው፣ አንዱንም ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም። አንዲት እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ካርቱን መስሎ መሐል ላይ ደም፣ ቢላ ያለበት ነገር ነበረበት፣ ልጇ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ብሯን መለስኩ፣ ግን ልጁ ያየውን መመለስ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ለሕፃን የምጭነውን ራሴ አያለሁ። ትንሽ ነው የምጭነው። እናንተም ሱቅ ስትሄዱ «አይተኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሰኞ ገበያ እህት፣ ስልኩን አምጪልኝ፣ በነፃ አስተካክልልሻለሁ። እዚያው ቤትሽም ልትሠሪው ትችያለሽ። ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ግቢ፣ አፕ ፒኒንግ ወይም ስክሪን ፒኒንግ የሚል አለ። እሱን አብሪ፣ ሲወጣ ፓስወርድ ይጠይቅ የሚለውንም አብሪ፣ ከዚያ ኢሞን ፒን አድርጊው፤ ኢሞ ብቻ ተከፍቶ ይቆለፋል፣ ልጅቷ ወደ ሌላ መውጣት አትችልም፣ ፓስወርድ ካላስገባሽ በቀር። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ኦቶፕሌይን አጥፊው። ልጅ የሚሰምጠው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ስለሚጀምር ነው። ኦቶፕሌይ ሲጠፋ ቪዲዮው ያልቃል፣ ስክሪኑ ይቆማል፣ ያኔ «አለቀ» ማለት ይቻላል። ከእጇ ከመንጠቅ ይህ ይሻላል።

ደግሞ ለዩቲዩብም ለቲክቶክም አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት ያስፈልጋል። የስድስት ዓመት ልጅ ይዘው መጥተው ዕድሜውን ጨምረህ ክፈትለት የሚሉ አሉ። አልከፍትም።

አያት (ሐይቅ) — ማክሰኞ ከሰዓት 10፡00

የልጅ ልጄ እየጻፈልኝ ነው። እኔ እላለሁ እሱ ይጽፋል።

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አስነብቤ ሰማሁ። ስለ ሕፃናቱ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ቤት ቡና ስናፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል። ድሮ በሦስቱም ስኒ ወሬ አለ፣ ምርቃት አለ። አሁን አቦል ሳይወርድ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ሕፃኑ ይመጣል፣ የእናቱን ጉልበት ይነካል፣ እናት «እህ» ትላለች ዓይኗን ሳታነሣ። ሁለተኛ ይመጣል። ሦስተኛ አይመጣም። እሱም ስልክ ስጡኝ ይላል። ሌላ ምን ያድርግ?

የቡና ጊዜ ስልካችሁን መሶብ ላይ ደርድሩት አልኳቸው። ተቆጡ። አሁን ለምደውታል። ልጆቹን እንቆቅልሽ እጠይቃቸዋለሁ። «እንቆቅልሽ» ስል «ምን አውቅልሽ» ይላሉ። ካላወቁ አገር ይሰጡኛል። ሐይቅን ሰጡኝ፣ ወረኢሉን ሰጡኝ፣ አንዱ አሜሪካን ሰጠኝ፣ ምን ላደርጋት ብዬ መለስኩለት። ያቺ ደሴ ያለች ልጅ አያት አለቻት ብለሻል። አያቷ ትጠይቃት። ፈጣሪ እናቷን በሰላም ይመልስላት።

ነጭ ጋውን (ወልዲያ) — ማክሰኞ ማታ 1፡45

እማማ አንቱ ያሉትን እኛ ክሊኒክ ላይ በብዙ ቃል ነው የምንለው። ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው፣ እሱ ሲከፈት አዋቂ ከልጅ ጋር የሚያወራው ይቀንሳል። ዕድሜ ይስጥልን።

ከሪያድ — ማክሰኞ ሌሊት 6፡30

እህትዓለም የሰኞ ገበያ። እኔ ልጄን ወረባቦ እናቴ ጋ ትቼ የመጣሁ ነኝ። እንደ እህትሽ ነኝ ማለት ነው። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ልጄ አንድ ቀን ምን አለ መሰለሽ። እናቴን «እማ እግር አላት?» ብሎ ጠየቃት። ፊቴን ብቻ ነው የሚያየው። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ፊት ብቻ። እናቴ ስትነግረኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በማግስቱ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቆምኩት፣ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ተመላለስኩ፣ ዘለልኩ። ልጄ በሳቅ ፈነዳ። አሁን ሁልጊዜ «ሂጂና ነይ» ይለኛል።

የማታውን ጥሪ በተመለከተ እኔም እንደሷ ነበር የማደርገው። ልጄ እንቅልፍ እያንገላጀጀው ያናግረኛል፣ እኔ ደግሞ አየሁት ብዬ እተኛለሁ። ራሴን ነበር የማስደስተው። አሁን ማታ አልደውልም። ማታ ድምፅ ነው የምልከው። ዕቃ እያጠብኩ፣ በምችልበት ሰዓት፣ ተረት ቀድቼ እልካለሁ። እናቴ መብራት አጥፍታ፣ ስልኩን ገልብጣ ትራስ ሥር አድርጋ ታሰማዋለች። የሚያየው ነገር የለም፣ ድምፄ ብቻ። ተረቱ ሳያልቅ ይተኛል ትለኛለች። ፊት ለፊት የምናወራው ዓርብ ነው፣ ጠዋት፣ ትንሽ ፋታ ሲኖረኝ። እሱም በሳምንቱ ውስጥ ድምፅ ይልክልኛል። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች ይለኛል።

ለእህትሽ ይህን አሳያት። እምቢ አትልም። እናት ናት።

ጦሳ ሥር (ደሴ) — ረቡዕ ጠዋት 3፡00

አንድ ነገር ረስታችኋል። ኬጂዎቹ የልጆቻችንን ፎቶ ከነስማቸውና ከነክፍላቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይለጥፋሉ። ለማስታወቂያ። የወላጆች ዝግ ግሩፕ ላይ መላክ አንድ ነገር ነው፣ ለዓለም መበተን ሌላ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የልጅ ነገር ላይ የወላጅ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እኔ በደብዳቤ ጠየቅኩ፣ የልጄን አነሡልኝ። አልተጣላንም።

የባቲ ልጅ — ዓርብ ማታ 3፡40

ኦ ክፍል መምህር፣ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። የጨው ፌስታል አይደለም፣ የራሴ መኪና ላይ ከተጻፈው «ሉ»ን በጣቴ ነካሁና ይቺ ማን ናት አልኩት። ከሀ ጀምሮ መዝፈን ጀመረ። ዘፈኑ ውስጥ ሲደርስባት «ሉ» ይላል፣ ጣቴ ላይ ያለችውን ግን አያያትም። ዜማውን ነው የሚያውቀው። ሆዴን አንዳች ነገር ነካኝ።

ከዚያ እኔ እንዴት ነበር የተማርኩት ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ የተቀመጥኩት ቁርኣን ቤት ነው። ሸኹ ሉሕ፣ የእንጨት ሰሌዳ ማለት ነው፣ ይሰጡናል፣ በጣታቸው ፊደሉን ይዘው ይቆማሉ፣ እስክንለው ድረስ ጣታቸው አይነሣም። የኔታ ጋ የሄዱ ጓደኞቼም በስንጥር አንድ በአንድ እየነኩ ነበር የሚያስቆጥሯቸው። ዱላውን አልመልስም። ጣቱን ግን ልጄ አላገኘውም።

ሦስት ቀን መኪናው ላይ ተቀመጥን። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የበሩን ጽሑፍ፣ የጎማውን። አሁን አሥራ አንድ ፊደል ብቻዋን አውጥቶ ያውቃል። መንገድ ላይ ስሆን ካርታ ላይ ያለሁበትን ልኬለት ሚሌ ደረስኩ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ያገኘውን ፊደል ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ዛሬ የኦሞ ፌስታል ላይ «ኦ»ን ልኮልኛል። ስልኩን አልወረወርኩትም። እናቱን ግን ማን ይርዳት? ይህን የመለሰልኝ የለም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) — ዓርብ ማታ 4፡05

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልመለስንልህም። እናት ወጥ ስትሠራ ልጁ አጠገቧ ሽንኩርት ይላጥ፣ ምስር ይልቀም ማለት ለአምስት ዓመቱ ይሆናል። ለትንንሾቹ ግን ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ጎረቤት፣ አክስት፣ የምትይዝላት ልጅ። ሰው በሌለበት ቀን ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ብትከፍት ማንም አይፍረድባት። እኔ አልፈርድም።

የሰኞ ገበያ እህት (ደሴ) — ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት 8፡20

ሰላም። ጠፋሁባችሁ። ስታስታውሱኝ የነበራችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ።

ጆሮዋ ታየ። በአንደኛው በኩል ፈሳሽ ነበር፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ አለን። ነጭ ጋውን ምን እንደምልሽ አላውቅም። እኛ ስልክ ስልክ ስንል ይህን አናየውም ነበር። ሐኪሙ አውሯት፣ ብዙ አውሯት፣ እንቅልፏን አስተካክሉ ነው ያለን።

እህቴ ማታ መደወል ማቆሙን መጀመሪያ እምቢ አለች። «ልጄን ልትነጥቁኝ ነው» አለችኝ፣ ተጣላን። የሪያዷን እህታችንን ጽሑፍ ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ድምፅ መጣ፣ አምስት ደቂቃ፣ የጦጣና የአንበሳ ተረት። ከበስተጀርባ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። አሁን ልጅቷ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር፣ አልዋሽም። ምሳ ላይ ስልክ የለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጾማ ነበር ማለት ይቻላል። በአራተኛው ቀን እናቴ ድንች ቀቅላ ራሷ ላጪ ብላ ሰጠቻት፣ ስትልጥ በላች።

ኬጂውም ጋ ሄድኩ፣ ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኩ። ከሌሎች አራት እናቶች ጋር ነው የሄድነው። ከምሳ በኋላ ያለውን ወደ ግማሽ ሰዓት ቀንሰናል ብለዋል፣ አሁንም አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው የለም። ወር ላይ ተመልሰን እንሄዳለን።

እና ዛሬ ጠዋት ዓርብ ነው፣ እህቴ ደወለች። እናቴ የሐይቋ እማማ እንዳሉን ልጅቷን እንቆቅልሽ አስለምዳታለች፣ አንዲት ብቻ ነው የምታውቀው። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮ ጋር አስደገፍነው። ልጅቷ ተቀመጠችና «እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ» አለች እህቴ።

«ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል።»

እህቴ መልሱን ታውቀዋለች፣ ልጅ ሆነን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። «አላወቅሁትም» አለች።

«አገር ስጪኝ።»

«እሺ፣ ጂዳን ሰጠሁሽ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ጂዳን አልፈልግም። ደሴን ስጪኝ።»

እህቴ ትንሽ ዝም አለች፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ደሴን ሰጠቻት።